ስለ ስኳርና ስለ ኢንዛይሞቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ደም ስቀዳም ውጤት ስሰጥም ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው እዚ የሰበሰብኩት፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበድ ያለው እሄዳለሁ።

ኢንዛይም ግን ምንድነው? ኢንሱሊን ኢንዛይም ነው?

አይደለም፣ ኢንሱሊን ሆርሞን ነው፣ መልእክተኛ በሉት። ስኳር ደም ውስጥ ሲጨምር ከቆሽት ይወጣና ለጡንቻና ለስብ ሴሎች በር ክፈቱ ይላል፣ እሱ ራሱ ግን ስኳሩን አይነካውም። ስኳሩን የሚቆርጠው፣ የሚያያይዘው፣ የሚቀይረው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው አንድ ስራ ብቻ ነው፣ ያንኑ ስራ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ እሱ ራሱ ግን በስራው አያልቅም።

ማየት ከፈለጋችሁ ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ሳትውጡ ለ1 ደቂቃ አኝኩት፣ ቀስ እያለ መጣፈጥ ይጀምራል። ማንም ስኳር አልጨመረበትም፣ ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም የዳቦውን ስታርች ቆራርጦ ማልቶዝ ወደሚባል ስኳር ቀይሮት ነው። ስም እንዳይምታታባችሁ ደሞ መጨረሻው "ኦዝ" ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ነው፣ "ኤዝ" ከሆነ ኢንዛይም ነው። ላክቶዝ የወተት ስኳር፣ ላክቴዝ እሱን የሚቆርጠው።

የበላሁት ስኳር ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?

ግሉኮዝ፣ ማለትም የደሙ ስኳር፣ ገና እንደገባ ሄክሶካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ ከዛ በኋላ እንደገባ መውጣት የለም። ይሄን ጨምሮ በ10 ደረጃ፣ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ኢንዛይም እያለው፣ ለሁለት ተከፍሎ ፓይሩቬት ይሆናል፣ ሴሉም 2 ኤቲፒ የሚባል የኃይል ሳንቲም ያተርፋል። ኦክስጅን ካለ ፓይሩቬቱ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባለው የሴሉ ኃይል ማመንጫ ገብቶ በድምሩ 30 ገደማ ኤቲፒ ይወጣዋል። እንጦጦ ዳገቱን በፍጥነት ስትሮጡ ጡንቻ ይሄን አይጠብቅም፣ ፓይሩቬቱን ላክቴት አድርጎ ወደ ደም ይለቀዋል፣ ጉበት ደሞ ተቀብሎ መልሶ ግሉኮዝ ያደርገዋል። በነገራችን ላይ በማግስቱ እግር የሚያምመው በላክቴት አይደለም፣ እሱ በሰዓት ውስጥ ይጠራል።

ይሄ መንገድ በሰው ብቻ ያለ አይደለም። በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የሚባል ጀርመናዊ እርሾ ጨፍልቆ ጭማቂውን ብቻ ወስዶ ስኳር ሲጨምርበት ጭማቂው ያለ አንድ ህይወት ያለው ሴል አረፋ አወጣ፣ አልኮል ሰራ። ማለትም ስራውን የሚሰራው ጭማቂው ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው ማለት ነው፣ በ1907 የኖቤል ሽልማት ያገኘበትም ይሄው ነው። እርሾ ግሉኮዝን ፓይሩቬት የሚያደርግበት 10 ደረጃና እኛ የምናደርግበት አንድ ነው ማለት ይቻላል።

እንጀራና ጠጅ ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው?

ይሄን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እናቶቻችን ኢንዛይም የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ኢንዛይም ሲያሰሩ ነው የኖሩት። የጤፍ ዱቄት አብዛኛው ስታርች ነው፣ እርሾ ደሞ ስታርችን እንዳለ መብላት አይችልም፣ መጀመሪያ አሚሌዝ ቆራርጦ ማልቶዝና ግሉኮዝ ሊያደርግለት ይገባል። አሁን አብሲትን አስቡት፣ ከቡሆው ትንሽ ተቀንሶ እሳት ላይ በውሃ ተንተክትኮ፣ በረድ ሲል ተመልሶ ይጨመራል። ሙቀቱ የስታርቹን ቅንጣት ያሳብጠውና ይፈታዋል፣ የተፈታ ስታርች ደሞ ለኢንዛይም ይመቻል፣ እና አብሲት ከተጣለ በኋላ ሊጡ ኩፍ ብሎ ወደ አፉ ይመጣል። ምጣድ ላይ ዓይን የሚያወጣው እርሾው ከፓይሩቬት ላይ የነጠለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጎምዘዝ የሚለው ደሞ ከእርሾው ጋር አብረው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ልክ እንደ ጡንቻችን ፓይሩቬቱን ላክቲክ አሲድ ስለሚያደርጉት ነው።

ጠላ ላይ አሚሌዙ የሚመጣው ከብቅል ነው፣ ገብስ ሲበቅል ለቡቃያው ምግብ ለማውጣት ራሱ አሚሌዝ ያመርታል፣ ጠማቂዋ በዛ ትጠቀማለች። ጠጅ ላይ ግን ስራው ግማሹ ያለቀው ንቧ ዘንድ ነው፣ የአበባውን ወለላ ስትሰበስብ ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም ጨምራበት ሱክሮዝ የሚባለውን ስኳር ቆርጣ ግሉኮዝና ፍሩክቶዝ አድርጋዋለች፣ ስለዚ ብርዝ ውስጥ እርሾ ሲገባ የተቆረጠ ስኳር ነው የሚጠብቀው። ንቧ ግሉኮዝ ኦክሲዴዝ የሚባልም ትጨምራለች፣ ማር ሲቀጥን ጀርም የሚገድል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያወጣው እሱ ነው። ይሄን ስም ያዙልኝ፣ ወደታች ተመልሶ ይመጣል።

ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል፣ እርጎ ግን ምንም አይለኝም፣ አለርጂ ነው?

አለርጂ ሌላ ነው፣ እሱ የወተቱ ፕሮቲን ላይ የሚነሳ የመከላከያ ቁጣ ነው። ያንተ ላክቴዝ ማነሱ ነው። ህፃን ሆነን ሁላችንም በትንሹ አንጀታችን ግድግዳ ላይ በደንብ አለን፣ ካደግን በኋላ ግን አብዛኛው የዓለም ህዝብ ላይ ይቀንሳል፣ ይሄ የሰው ልጅ የተለመደ ነገር እንጂ በሽታ አይደለም። ከብት እያረቡ ወተት እየጠጡ በኖሩ ህዝቦች ዘንድ ነው የጂን ለውጥ መጥቶ ኢንዛይሙ እስከ እርጅና የሚቆየው፣ የምስራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ ያለው ለውጥ ደሞ ከአውሮፓውያኑ የተለየ ነው፣ ለብቻው ነው የመጣው።

ያልተቆረጠው ላክቶዝ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ውሃ ይስባል፣ እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች ደሞ አብላልተው ጋዝ ያደርጉታል፣ መነፋቱም መጮሁም ተቅማጡም ከዛ ነው። እርጎ ላይ ባክቴሪያዎቹ የተወሰነውን ላክቶዝ አስቀድመው በልተውታል፣ የራሳቸውንም ኢንዛይም ይዘው ሆድህ ይገባሉ። ማኪያቶ ላይ ያለችው ወተት ትንሽ ስለሆነች አብዛኛው ሰው ይችላታል፣ ሙሉ ብርጭቆ ወተት በባዶ ሆድ ሌላ ነገር ነው።

ሁዳዴ ሲፈታ ወተት ለምን ይከብደኛል? ፆሙ ኢንዛይሜን አጠፋው?

አላጠፋውም። የሰው ላክቴዝ በመጠጣት አይጨምርም፣ በመፆም አይቀንስም፣ የሚወስነው ጂን ነው። የሚቀየሩት አንጀት ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ናቸው። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ላክቶዝ የሚቆርጥ ቤታ ጋላክቶሲዴዝ አለው፣ ግን ላክቶዝ በሌለበት አያመርተውም ማለት ይቻላል፣ ላክቶዙ ሲመጣና የተሻለ ምግብ ሲጠፋ ብቻ ጂኑን ይከፍታል። ይሄን አሰራር ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ በ1961 አስረድተው በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ኖቤል ወስደውበታል፣ ጂን እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ዓለም መጀመሪያ የገባው ከዚህች ከወተት ስኳር ነው።

ወተት ዘወትር የሚጠጣ ሰው አንጀት ውስጥ ላክቶዝን በደንብ የሚይዙ ተህዋስያን ይበዛሉ፣ 55 ቀን ላክቶዝ ካላዩ ደሞ ለሌሎች ቦታ ይለቃሉ። ስለዚ ፋሲካ ማግስት በግማሽ ስኒ ወይ በእርጎ ጀምሩ፣ በቀናት ውስጥ እየለመደ ይሄዳል። ዶሮውና ቅቤው በአንድ ቀን መግባቱ የራሱ ጫና አለው፣ ሁሉን ወተት ላይ አትጣሉት።

ጥርስ የሚበላው ስኳሩ ነው ወይስ ትል አለ?

ትል የለም። ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባል ባክቴሪያ ግሉኮሲልትራንስፈሬዝ በሚባል ኢንዛይም ሱክሮዝን፣ ያቺን ሻይ ውስጥ የምንጨምራትን ስኳር፣ ቆርጦ ከግሉኮዙ የሚያጣብቅ ክር ይሰራል፣ በሱ ጥርስ ላይ ተለጥፎ ቀሪውን ስኳር አሲድ ያደርገዋል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርሱ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል፣ ምራቅ ደሞ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ ነው የሚጎዳው፣ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረጉ ስኳር የበዛበት ሻይ መጠጣት ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም። ፍሎራይድ ጥርሱን ከማጠንከሩ ሌላ የባክቴሪያውን ኢኖሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያዳክማል፣ ኢኖሌዝ ከላይ ካልኳቸው ግሉኮዝን ፓይሩቬት ከሚያደርጉት 10 ደረጃዎች የ9ኛው ኢንዛይም ነው። ሲበዛ ግን ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ውሃው ላይ እንደምናየው ጥርስ ቡናማ ያደርጋል፣ አጥንትም ይጎዳል።

የስኳር መለኪያዋ ስትሪፕ ላይ ያለው ነገር ምንድነው?

ኢንዛይም ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ያው ማር ውስጥ ያለው ግሉኮዝ ኦክሲዴዝ፣ ለስትሪፕ ግን የሚመረተው ከሻጋታ ነው። ሌሎቹ ላይ ግሉኮዝ ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባል አለ። ኢንዛይሙ ከጠብታዋ ደም ግሉኮዝ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ማሽኑ ያንን ኤሌክትሪክ ቆጥሮ ቁጥር ይሰጣል። ኢንዛይም ደሞ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፣ እባካችሁ ስትሪፑን ከእቃው አውጥታችሁ በመሀረብ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አትዙሩበት፣ ክዳኑም ወዲያው ይዘጋ።

አንዲት እናት እየተንቀጠቀጡ መጥተው ቤት 312 አሳየኝ አሉ፣ እዛው እጃቸውን በሳሙና አስታጥቤ ስለካ 138። ምን ሲሰሩ ነበር ስላቸው ለልጅ ልጃቸው ማንጎ ልጠው ነው የተወጉት፣ ጣታቸው ላይ የቀረውን የማንጎ ስኳር ነው ኢንዛይሙ የቆጠረው። አልኮል ብቻ መቀባት ስኳሩን በደንብ አያነሳውም፣ በውሃና ሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው።

ቤት የለካሁትና ላብራቶሪ የወጣው ለምን ተለያየ?

ትንሽ ልዩነት ያለ ነው፣ የቤት ማሽን 15 በመቶ ከፍም ዝቅም ቢል በዓለም አቀፉ መስፈርት ይፈቀድለታል። ትልቅ ልዩነት ሲሆን ግን ቲዩቡን ጠይቁ። ደም ከተቀዳ በኋላም ሴሎቹ አልሞቱም፣ ቲዩብ ውስጥ ተቀምጠው ያንን የ10 ደረጃ ስራ ይቀጥላሉ፣ ክፍል ሙቀት ላይ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ግሉኮዝ ይበላሉ። ለዚ ነው ለስኳር ግራጫ ክዳን ያለው ቲዩብ የተሰራው፣ ውስጡ ፍሎራይድ አለ፣ ጥርስ ላይ ባክቴሪያውን የሚያዳክመው ያው ፍሎራይድ እዚም ያንኑ ኢኖሌዝን ይይዘዋል። ኢኖሌዝ 9ኛ ላይ ስላለ ግን የፊተኞቹ ኢንዛይሞች ለተወሰነ ጊዜ ይሰራሉ፣ ሙሉ በሙሉ የሚቆመው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቆይቶ ነው፣ ስለዚ ግራጫም ሆኖ ቶሎ መድረስ አለበት።

አንድ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት በተራ ቲዩብ የተቀዳ ደም ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ደረሰኝ፣ ውጤቱ 58። ሰውየው መድሃኒት ሊቀነስላቸው ነበር። ስልካቸው ላይ ደውዬ ጠርቼ በማግስቱ ጠዋት በግራጫ ቀድቼ ወዲያው ስሰራው 86 ሆነ። ሰውየው ላይ ምንም ችግር አልነበረም፣ ስኳራቸውን ቲዩብ ውስጥ የገዛ ሴላቸው በልቶት ነው። ናሙናዬ ስንት ሰዓት ተቀድቶ ስንት ሰዓት ተሰራ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ።

አካርቦዝ እየወሰድኩ ስኳሬ ቢወርድ ስኳር በውሃ በጥብጬ ልጠጣ?

በዚ መድሃኒት ላይ የገበታ ስኳር ቶሎ አይደርስም። አካርቦዝ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ የስኳር ህመም መድሃኒት ነው፣ ስራው አንጀት ውስጥ ስታርችና ሱክሮዝ የሚቆርጡትን ኢንዛይሞች መያዝ ነው፣ ስለዚ የበጠበጥከው ስኳር ሳይቆረጥ ይቆይሃል። ንፁህ ግሉኮዝ መያዝ ነው፣ ከሌለ ማር ይሻላል፣ ንቧ አስቀድማ ቆርጣዋለች። አካርቦዝ ብቻውን ስኳርን ከሚገባው በታች አያወርድም ማለት ይቻላል፣ አደጋው ከኢንሱሊን ወይ ግሊቤንክላሚድ ከሚባለው የስኳር ክኒን አይነት ጋር ሲሆን ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድን ሰው ይሄ አይመለከተውም።

አራስ ልጅ ጡት ጠብቶ የሚታመምበት በሽታ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

አለ፣ ብርቅ ነው ግን አለ፣ ጋላክቶሴሚያ ይባላል። የወተት ስኳር ሲቆረጥ ግሉኮዝና ጋላክቶዝ ይወጣዋል፣ ጋላክቶዙን የሚቀይረው ጋልት የሚባል ኢንዛይም ሲጎድል የሚጠራቀመው ነገር ጉበትን፣ ዓይንን፣ አእምሮን ይጎዳል። ልጁ በተወለደ በቀናት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ክብደት አይጨምርም፣ ኢ ኮላይ ደም ውስጥ ገብቶም በጠና ሊያመው ይችላል። እናት ጥፋት የለባትም፣ ጡቷም አልተበላሸም፣ አይን በልቶትም አይደለም። ይሄ ከተረጋገጠ ግን ጡትም የላም ወተትም ቆሞ ላክቶዝም ጋላክቶዝም የሌለው የህፃን ወተት፣ ለምሳሌ ከአኩሪ አተር የተሰራ፣ ነው የሚሰጠው፣ ያውም ባስቸኳይ።

ለባለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር፣ የሽንት ስትሪፕ ላይ ያለው ያው ግሉኮዝ ኦክሲዴዝ ነው፣ ጋላክቶዝን አያየውም። ስትሪፑ ስኳር የለም እያለ የድሮው የቤኔዲክት ምርመራ አለ ካለ ሌላ ስኳር እንዳለ ጠርጥሩ። ሌላም አለ፣ ፍሩክቶዝን የሚቆርጠው አልዶሌዝ ቢ የሚባል ኢንዛይም የጎደለባቸው ልጆች ፍሩክቶዝ ያለበት ነገር ሁሉ ስለሚያማቸው ጣፋጭና ፍራፍሬ ራሳቸው ይሸሻሉ፣ ከረሜላ ስጦታ ሲሉት የሚያለቅስ ልጅ ቅብጠት ላይሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ ጥርሳቸው አንድም አልተበላም።

የባቄላ እሸት በልቶ ቢጫ መሆን ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?

ግሉኮዝ ከ10ሩ ደረጃ ሌላ ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ አለው፣ የዛ በር ጠባቂ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ነው። ከዛ መንገድ የሚወጣው ኤንኤዲፒኤች የሚባል ነገር ቀይ የደም ሴልን ከኦክሲዴሽን የሚጠብቀውን ግሉታቲዮን ያድሳል፣ ቀይ የደም ሴል ደሞ ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ከዚህ ሌላ መጠጊያ የለውም። ባቄላ ውስጥ ቫይሲንና ኮንቫይሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ጂ6ፒዲ ያነሰበት ሰው ሲበላቸው ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ በ1 ወይ 2 ቀን ውስጥ ድካም፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ኮካ መጥቆር ይመጣል። ጥሬው እሸት ነው የሚብሰው፣ ፉልም ሽሮም ከባቄላ ከሆነ ግን ነፃ አይደለም። የልብስ ናፍታሌንም እንዲሁ ያደርጋል፣ የአራስ ልብስ ውስጥ አታስቀምጡ።

ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በዓለም ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰው አለበት፣ እኛ ሀገር ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ጋምቤላ አካባቢ ከደጋው ይበዛል። ወባ ባለበት የበዛው ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ ስለሚከላከል ነው።

የወባ ኪቱ የሚያየው ጀርሙን ነው?

የጀርሙን ፕሮቲን ነው የሚያየው፣ ከመስመሮቹ አንዱ ደሞ የስኳር ኢንዛይም ነው። የወባ ተህዋስ ቀይ ሴል ውስጥ ሲኖር ኃይሉን የሚያገኘው በዋናነት ከዛው ከ10ሩ ደረጃ ነው፣ ስኳሩን በኃይል ይበላል፣ ከባድ ወባ ያለበት ህፃን ስኳሩ የሚወርድበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ፓይሩቬቱን ላክቴት የሚያደርግበት ኤልዲኤች የሚባል ኢንዛይም ከኛው ትንሽ ይለያል፣ ኪቱ የሚይዘው ያቺን ልዩነት ነው። ሌላው መስመር ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ላይ ነው፣ እኛ ሀገር ግን የዚህን ፕሮቲን ጂን የጣሉ ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ተህዋስያን ስለተገኙ እሱን ብቻ የሚያይ ኪት ወባ የለም ብሎ ሊሸውድ ይችላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት ብላችሁ አትዘናጉ፣ ከቆላ ተመልሳችሁ ካተኮሳችሁ ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

ካንሰር ስኳር ይበላል ስለተባለ እናቴ ስኳርና እንጀራ ታቁም?

ካንሰር ሴል ግሉኮዝ በብዛት መጠቀሙ እውነት ነው፣ ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ ነው ያየው፣ ኦክስጅን እያለም ላክቴት ያወጣል። ፔት ስካን የሚሰራው በዚ ነው፣ ጨረር ያለበት የግሉኮዝ ዘመድ ይሰጣል፣ ሄክሶካይኔዝ ፎስፌት ይለጥፍበትና ከሴሉ መውጣት ያቅተዋል፣ ስለዚ ዕጢው ያበራል። ግን እናትሽ እንጀራ ብታቆም ደሟ ውስጥ ያለው ግሉኮዝ አያልቅም፣ ጉበቷ ከጡንቻዋ ፕሮቲን እየወሰደ ይሰራዋል፣ የምትቀልጠው እሷ ናት። ህክምና ላይ ያለ ሰው ክብደት መጣሉ መድሃኒቱን እንዳይችል ያደርገዋል። የስኳር ህመም ከሌለባት የፈለገችውን ብይ በያት፣ ካለባት ደሞ ከሐኪሟ ጋር ይስተካከል።

የጂ6ፒዲ ምርመራዬ ኖርማል ነው ተባለ፣ ግን ፕሪማኪን ስወስድ ሽንቴ ጠቆረ፣ እንዴት ይሆናል?

በመጀመሪያ መድሃኒቱን አቁሙና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ፕሪማኪን ቫይቫክስ የሚባለውን ወባ ጉበት ውስጥ ከተደበቀበት የሚያጠፋ መድሃኒት ነው፣ በተለምዶ ለ14 ቀን ይወሰዳል፣ ጂ6ፒዲ ያነሰበት ሰው ላይ ግን ልክ እንደ ባቄላው ደም ያፈርሳል።

ምርመራው ኖርማል ሊል የሚችልበት መንገድ አለ። ጂ6ፒዲ ሴሉ እያረጀ ሲሄድ እየደከመ የሚሄድ ኢንዛይም ነው፣ ደም ሲፈርስ መጀመሪያ የሚያልቁት ያረጁት ሴሎች ናቸው፣ የቀሩትና መቅኔ አዲስ የላካቸው ወጣቶቹ ደሞ የተሻለ ኢንዛይም ይዘዋል። ስለዚ በህመሙ ሰሞን ወይ ደም ከተሰጠ በኋላ የተቀዳ ናሙና ደህና መስሎ ይወጣል፣ በተለይ እንደ እኛ አካባቢ ቀለል ያለው ዓይነት ላይ። ሴቶች ደሞ ሁለት ኤክስ ስላላቸው ግማሹ ሴል ደህና ግማሹ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፣ አዎ ወይ አይደለም ብቻ የሚለው ምርመራ ያልፋቸዋል፣ መጠኑን በቁጥር የሚሰጠው ነው የሚያገኛቸው። ከ3 ወር ገደማ በኋላ በቁጥር ይደገምላችሁ፣ እስከዛ እንደ አለባችሁ ቁጠሩት። መጉደሉ ከተረጋገጠም ወባው ሳይታከም አይቀርም፣ በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት በሐኪም ክትትል የሚሰጥበት መንገድ አለ።